ባሕሩ የትም አልሄደም፤ ስለ ዛንዚባር ዳርቻዎች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዛንዚባር የባሕር ዳርቻዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰነበተ። ይህች የታንዛኒያ ደሴት ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ የምትርቅ ስለሆነች፣ ጫጉላቸውን እዚያ ለማሳለፍ የሚያስቡ ሙሽሮችም ሆኑ ልጆቻቸውን ባሕር ለማሳየት ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ወላጆች ሳያነቡት እንዳልቀሩ እገምታለሁ። ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው፤ በዚህ ምክር ተመርቶ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው አለ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ የሚከተለው ነው። አምስት ዳርቻዎችን በደረጃ አስቀምጠዋል፤ በሰሜን ጫፍ ያለው ኑንግዊ አንደኛ ወጥቷል፣ በምሥራቅ ያሉት ፓጄና ጃምቢያኒ መጨረሻ ላይ ናቸው። ምክንያታቸው በምሥራቅ ውኃው ይጠፋል፣ የሚያምረው ፎቶግራፉ ብቻ ነው የሚል ነው። እዚያ አሸዋው ላይ የሚታየውን አረምና የእንጨት ችካል ደግሞ አካባቢው ችላ ለመባሉ ማስረጃ አድርገው አቅርበውታል። የሆቴል ዋጋ የሚረክሰው በሚያዝያ ስለሆነ ብልህ ሰው በፋሲካ ሰሞን ይሂድ ይላሉ። ባሕሩ ገር በመሆኑ ዋና አለመቻል አያሳስብም፤ ከዶልፊን ጋር ሳይዋኙ መመለስ ኪሳራ ነው፤ ደፋር የሆነ ደግሞ በየሌሊቱ ሆቴል እየቀየረ አምስቱንም ያዳርሳል።

ጸሐፊው አካባቢውን መርገጣቸው ያስታውቃል፤ በኬንድዋ ዳርቻ ስለምትጠልቀው ጀምበር የጻፉትም ውብ ነው። የምቃወመው ዳርቻን እንደ እግር ኳስ ቡድን በደረጃ ሰንጠረዥ መደርደራቸውን ነው። በዛንዚባር አንድ ዳርቻ ጥሩ ነው ወይም አይደለም ለማለት በየትኛው ወር፣ ጨረቃ በምን ላይ እያለች፣ በስንት ሰዓትና ለማን ተብሎ መጠየቅ አለበት። እነዚህ ካልታወቁ አንደኛም መጨረሻም የለም።

ከኑንግዊ ልጀምር። ነዋሪዎቿ ኡንጉጃ የሚሏት ትልቋ ደሴት ከሰሜን እስከ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ኑንግዊ በሰሜን ጫፏ ላይ ያለ የዓሣ አጥማጆችና የጀልባ ሠሪዎች መንደር ነው። በምዕራብ ጎኑ ባሕሩ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ስለሚጠልቅ፣ ውኃው በሚጎድልበት ሰዓትም መዋኛ አይጠፋም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ያለው ኬንድዋም እንደዚሁ ነው። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን። ነገር ግን ኑንግዊ ሁለት ጎን አለው። የመርከብ መብራቱን ማማ አልፈው ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ፣ እዚያው ኑንግዊ ውስጥ፣ ቋጥኙ ይገለጣል፤ ውኃውም ጸሐፊው ፓጄን በወቀሱበት መንገድ ይሸሻል። በሁለቱም ጎን ያሉት ሆቴሎች አድራሻቸውን ኑንግዊ ብለው ነው የሚያስተዋውቁት። ጽሑፉን አምኖ ረከስ ያለውን የመረጠ እንግዳ በየትኛው ጎን እንደሚያርፍ ሳያውቅ ከፍሎ ሊሄድ ይችላል። ለአንደኛው ዳርቻ ከተሰጠው ረጅም ውዳሴ ውስጥ ይህን የሚያስጠነቅቅ አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም።

ሌላው ጫጫታው ነው። በኑንግዊ ምዕራብ ጎን ሆቴሎቹ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል፤ የሽርሽር ጀልባዎች ከዋናተኛው አጠገብ መልሕቅ ይጥላሉ፤ ነዳጅ አልፎ አልፎ ይሸታል፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊት ይዘልቃል። ይህን የሚወድ ይውደድ፤ እኔ ጥቂት ሲሆን አልጠላውም። እዚያ ከባሕሩ ይልቅ ጊዜዬን የሚወስዱብኝ ጀልባ ሠሪዎቹ ናቸው። ዳው የሚባለውን ባለ ሸራ ጀልባ አሸዋው ላይ በእጅ ይሠራሉ። አንዱ ሳንቃ ሲጠርብ፣ ሌላው ዘይት የነካ ጥጥ እየገመደ በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ውስጥ በመሮና በመዶሻ ይወትፋል፤ ውኃ እንዳይገባ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ስለ እነርሱ አንድም ቃል የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጸሐፊው ጧት ቁርስ በልተው ሲወጡ ባሕሩን አላገኙትም፤ ስለዚህ ምሥራቁ ባሕር የለውም አሉ። ይህ ክርክር ውኃ አያነሳም። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ምክንያቱ በዋናነት የጨረቃ ስበት፣ ቀጥሎም የፀሐይ ነው። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ወደ ኋላ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሁለቱ ስበቶች ስለሚደጋገፉ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በዛንዚባር በእንዲህ ያሉ ቀናት በሙላትና በጉድለት መካከል እስከ 4 ሜትር የሚደርስ የከፍታ ልዩነት ይታያል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ግን ልዩነቱ ወደ 1 ሜትር አካባቢ ይወርዳል።

ታዲያ ምሥራቁን ከሰሜን ምዕራቡ የሚለየው የወለሉ ቅርጽ ነው። በፓጄ፣ በብዌጁና በጃምቢያኒ ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ፣ የኮራል፣ ማለትም ከጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጽም የተሠራ ድንጋይ፣ ግንብ ተዘርግቷል። ትልቁ ማዕበል የሚሰበረው እዚያ ነው፤ ነጭ መስመር ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ከግንቡ ወዲህ ያለው ወለል ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። በሜዳ ላይ ውኃ ጥቂት ሜትር ሲወርድ ሩቅ ይሸሻል፤ ቁልቁል በሆነ ዳርቻ ላይ ግን ያው መጠን ቢወርድም ዋናተኛው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የሚጨምረው። ባሕሩ በኑንግዊም በፓጄም እኩል ይወርዳል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ይበልጥ ያስገርማል። በዛንዚባር ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ በሆኑባቸው ቀናት ውኃው እጅግ የሚጎድለው ከጧቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፤ የሚሞላው ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይገለበጣል፤ ጧት 4 ሰዓት ገደማ ሙላት ይሆናል፣ ጉድለቱም መለስተኛ ነው። ስለዚህ ምሥራቁን የሚመርጥ ሰው የጉዞውን ቀን ሲቆርጥ ጨረቃን ቢያይ ግማሹን ችግር ከአገሩ ሳይወጣ ፈታው። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ከሄደ ቁርሱን በልቶ ይዋኛል። በሙሉ ጨረቃ ከሄደ ደግሞ ረፋዱን በተገለጠው ወለል ላይ በእግሩ ይንሸራሸራል፤ በየኩሬው የቀሩትን ትንንሽ ዓሦች፣ የባሕር ኮከቦችና ሸርጣኖች ያያል፤ ከሰዓት በኋላ ይዋኛል። ትክክለኛውን ደቂቃ የሚናገር የሙላት ሰንጠረዥ በብዙ ሆቴሎች እንግዳ መቀበያ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ሳይጠይቁ ማለፍ የእንግዳው ጥፋት ነው።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ ምቾት አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከጧት ጀምሮ ነው፤ አገራቸውም ከእኛ ጋር በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ነው። ጀልበኛው ውኃው በ4 ሰዓት ይወርዳል ካለ የእኛው ጧት 4 ሰዓት ማለቱ ነው። ከአውሮፓ የመጣው እንግዳ ስድስት ሰዓት እየደመረና እየቀነሰ ሲደናገር እኛ ሰዓታችንን አይተን እንነሳለን።

ስለ አረሙና ስለ ችካሉ የተጻፈው ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ነው። ያ ማሳ ነው፤ ባለቤት ያለው ማሳ። በዛንዚባር የባሕር ሣር ለገበያ መልማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ከመነሻዎቹ መንደሮች መካከል ጸሐፊው ችላ የተባሉ ያሏቸው እነዚሁ ፓጄና ጃምቢያኒ ይገኛሉ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይተዳደሩበታል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ደሴቲቱ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ምርቶች መካከልም ከቅርንፉድ ጋር ስሙ የሚነሳ ነው። ከሣሩ የሚወጣው ካራጂናን የተባለ ነገር አይስክሬምን፣ እርጎንና የጥርስ ሳሙናን ለማወፈር ያገለግላል። እንግዲህ ጸሐፊው ጧት ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ከዚያው «አረም» ጥቂት አፋቸው ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ደግሞ ከብዙ ሽርሽር ይበልጣል። ጸሐፊው ባሕሩ ጠፋ ብለው በተቆጡበት ሰዓት ሴቶቹ ወደ ሥራ የሚወጡት ያኔ ነው። ረጅም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ፀሐዩን በሻሽ ተከላክለው፣ እስከ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ችካል በሁለት ጫፍ ተተክሎ መሐሉ ላይ ገመድ ይወጠራል፤ በገመዱ ላይ በየስንዝሩ የሣር ቁራጭ በቀጭን ማሰሪያ ይንጠለጠላል። ስድስት ሳምንት ያህል ሲሞላው ይነቀላል፣ ከፊሉ ለዘር ተመልሶ ይታሰራል፣ የቀረው በጆንያ ተጭኖ መንደር ገብቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥብ ጆንያ ከባድ ነው፤ ለደረቁ የሚከፈለው ዋጋ ግን ድካሙን አይመጥንም። ውኃው እየሞቀ በመሄዱ ደግሞ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ በጥልቀት ባነሰው ወለል ላይ እየታመመ ይሞትባቸዋል። አንዳንዶቹ ከሣሩ ሳሙና እየሠሩ በቀጥታ ለእንግዳ መሸጥ የጀመሩት ለዚህ ነው። ገመዱን ሳይረግጡ ማለፍ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት መጠየቅ፣ ሳሙናውን መግዛት፤ ለእንግዳው ከዚህ በላይ ሸክም የለበትም። ነፋስ ቆርጦ ያመጣው ሣር አሸዋው ላይ ተከምሮ የሚሸትበት ጊዜ መኖሩን አልክድም፤ ያም ቢሆን ከባሕር የመጣ ሣር እንጂ የቆሻሻ ክምር አይደለም።

ወደ ሚያዝያው ምክር እንለፍ። ዋጋው ለምን እንደረከሰ ጸሐፊው ራሳቸውን አልጠየቁም። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ማሲካ የሚሉት ረጅሙ ዝናብ ነው፤ ጫፍ የሚደርሰውም በሚያዝያ ነው። አንዳንድ ሆቴሎች ያኔ ጨርሰው ዘግተው ጣሪያቸውን ይጠግናሉ። የእኛ ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ አይውልም፤ ማለትም ሁልጊዜ ማሲካ ውስጥ ነው። ዶሮውን በልቶ ወደ ዛንዚባር የሚበር ሰው የሚያየው ግራጫ ሰማይና የደፈረሰ ውኃ ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ላይዘንብ ይችላል፣ ፀሐይ የምትወጣበትም ሰዓት አለ፤ ይህን አውቆ ለዋጋው ሲል የሚሄድ ካለ መብቱ ነው። ብልህነት ተብሎ ለሁሉም መመከሩ ነው ያልተዋጠልኝ።

እኛን የሚስማማን በተቃራኒው ክረምታችን ነው። አዲስ አበባ ጭቃ በሆነችበት በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ተማሪዎችም ዕረፍት ላይ ናቸው። ያኔ ኩሲ የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ፓጄ በካይት ሰርፊንግ፣ ማለትም ነፋስ በሚጎትተው ሸራ ታግዞ ውኃ ላይ በመንሸራተት፣ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ የሚያምር ነው፣ ሆኖም ለሕፃን ልጅ የሚመች ረጋ ያለ ውኃ የሚገኘው ነፋሱ በማይደርስበት በኬንድዋ በኩል ነው። ከገና እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደግሞ የካስካዚ ነው፤ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ዞሮ ይመጣል፣ ሙቀቱ ያይላል፣ በሰሜን ምሥራቅ ያሉት ማቴምዌና ኪዌንግዋ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላሉ። እንግዲህ አንዱ ዳርቻ በነሐሴና በጥር አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በነሐሴ የፍልሰታ ጿሚ የሆነ ሰውም አይቸገርም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ሩዝ በየመንደሩ አለ። የዓሣውን ጉዳይ ለንስሐ አባቱ እተዋለሁ።

ዋና ለማይችሉ አያሳስብም የተባለው ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። አብዛኞቻችን ደጋ ያደግን ነን፤ ወንዝ ዳር ካልሆነ በቀር ውኃ አናውቅም። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች ላይ የሚጠብቅ ነፍስ አድን ሠራተኛ የለም። በምሥራቁ ሜዳማ ወለል ላይ ውኃው ወገብ ሲደርስ መቆም ደስ ይላል፤ ዋና ለሚለማመድ ሰው እንዲያውም እኔ የምመርጠው ያንን ነው፣ ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ያስቀመጡትን። አደጋው ሌላ ነው። ውኃው ሲጎድል በኮራሉ ግንብ መካከል ባሉ ክፍተቶች በኩል ተሰብስቦ ስለሚወጣ እዚያ አካባቢ ይስባል። በእግሩ ሩቅ የሄደ ሰው ደግሞ ሙላቱ ሲመለስ ይታለላል፤ ውኃው መጀመሪያ የሚሞላው ከኋላው ያለውን ጎድጓዳ ስለሆነ፣ ፊት ለፊቱ ገና ደረቅ እያለ መመለሻው ይጠልቅበታል። ጉድለቱ ሳያበቃ ፊትን ወደ ዳርቻ ማዞር ነው። ጫማም ያስፈልጋል። ባሕር ጃርት የሚሏት ጥቁር እሾሃም ፍጥረት በየቋጥኙ ሥር አለች፤ እሾኋ እግር ውስጥ ይሰበራል። መንደርተኞቹ የጥሬ ፓፓያ ወተት ይቀቡበታል።

ዶልፊን። በደቡብ ያለችው ኪዚምካዚ ዶልፊኖች የሚመላለሱባት የባሕር ወሽመጥ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዓሣ አጥማጆች ለመንጠቆ ማባበያ ሲሉ ይገድሏቸው ነበር፤ እንግዳ መምጣት ሲጀምር በሕይወት ያለ ዶልፊን ከሞተው ይበልጥ እንደሚያበላ ታወቀ፣ ግድያውም ቀረ። ስለዚህ ሽርሽሩን በጅምላ አላወግዝም። ጸሐፊው ያደነቁት አሠራር ግን ሌላ ነው። ጧት በማለዳ በርከት ያሉ ጀልባዎች አንድን መንጋ ይከብባሉ፤ ነጂው ሞተሩን አስነስቶ ፊታቸው ይቀድማል፣ ዝለሉ ብሎ ይጮኻል፣ ሰዎች ይዘላሉ፣ ዶልፊኖቹ ወደ ታች ይጠልቃሉ፣ ጀልባዎቹ እንደገና ያሳድዳሉ። በዚያው ወሽመጥ የተደረገ ጥናት ጀልባ ሲበዛባቸው ዕረፍታቸውና አደናቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማየት የሚፈልግ ከመክፈሉ በፊት ራቅ ብሎ የሚቆም፣ ሞተር የሚያጠፋ ጀልበኛ ይጠይቅ፤ አሉ። ለፎቶ ሲባል የባሕር ኮከብን ከውኃ ማውጣትም እንዲሁ ይቅር፤ አየር ላይ መቆየቱ ይጎዳታል። ኪዚምካዚ ድረስ የሄደ ሰው እግረ መንገዱን ዲምባኒ ያለውን ጥንታዊ መስጊድ ይይ፤ ኩፊ በተባለው ጥንታዊ የዓረብኛ ፊደል የተቀረጸው ጽሑፉ እ.ኤ.አ. 1107 የሚል ዘመን ይዟል። ከኮራል ጋር በእርጋታ መዋኘት ለሚሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የተጠበቀችው የቹምቤ ደሴት የድንጋዩ ከተማ (ስቶን ታውን) ከምትባለው ከጥንታዊቷ የዛንዚባር ከተማ በስተ ደቡብ አለች፤ በቀን የምትቀበለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው፣ ዋጋዋም ይቆነጥጣል።

በየሌሊቱ ሆቴል ስለ መቀየር ብዙ አልልም። ከኑንግዊ ፓጄ ለመድረስ ደሴቲቱን ከላይ እስከ ታች ማቋረጥ ነው፤ ሻንጣ ሲከፍቱና ሲዘጉ የውኃው ሰዓት ያልፋል። ሁለት ማረፊያ ይበቃል፤ አንዱ በሰሜን ምዕራብ፣ አንዱ በምሥራቅ፣ የትኛው ይቅደም የሚለውን ጨረቃ ትወስን። ምሥራቅ እያረፈ ጀምበር ስትጠልቅ ባሕር ላይ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሚቻምቪ ካኤ ይሂድ፤ ቦታው ወደ ቹዋካ የባሕር ወሽመጥ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። በመካከል የድንጋዩ ከተማ አለች፤ እርሷ የሚዋኙባት ሳትሆን የሚዞሩባት ናት። በመንደርም በከተማም ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ የዋና ልብስ አሸዋው ላይ ይቅር፤ በረመዳን ደግሞ ቀን ላይ በአደባባይ አለመብላት ተገቢ ነው። ጸሐፊው ይህን አለማንሳታቸው ገርሞኛል።

ስለ ወጪ ሲያሰሉም ሁለት ነገር ዘለዋል። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ የደሴቲቱን ኢንሹራንስ በ44 ዶላር እንዲገዛ ይገደዳል፤ ከአገሩ ሌላ ኢንሹራንስ ይዞ ቢመጣም አይተካለትም። ለባልና ሚስት 88 ዶላር ነው። ጸሐፊው በሚያዝያ አተረፍኩ ካሉት የሆቴል ቅናሽ ላይ ይህን ቀንሰው ሒሳቡን እንደገና ቢሠሩት ጥሩ ነው።